ጓንግ በሌሊት መጣ? ከአዘዞ እስከ መተማ

ይህን ክር የከፈትሁት እኔ ነኝ። መልሱ ሠላሳ ሊሞላ ስለሆነና አዲስ የሚገባ ሰው ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ስለሚሰለች፣ እስካሁን የተባለውን በራሴ ቃል ላስቀምጥ። አድልዎ ካያችሁብኝ አልክድም፤ ጉዳዩ የአባቴ ነው።

አባቴ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ገና ጢም ሳያበቅል፣ ከጎንደር መተማ በሚመላለስ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ነበር። ሲወርዱ ስኳር፣ ሳሙናና ቆርቆሮ፣ ሲመለሱ ጥጥና ሰሊጥ ይጭናሉ። ዛሬ ሰባውን አልፏል፣ ጉልበቱም ከድቶታል፤ ወሬው ግን ከዚያ መንገድ አልወጣም። ከሚያወራው ሁሉ አንዷን ቤተሰቡ አምኖለት አያውቅም። አንድ የግንቦት ማታ ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ አሸዋው ላይ፣ እሳት አንድደው ሽሮ ሠርተው በሉና ተኙ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ ጠብታ አልወረደም። እኩለ ሌሊት ላይ ከባድ መኪና በሁለተኛ ማርሽ ዳገት ሲወጣ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ቀሰቀሳቸው። ሾፌሩ ብድግ ብሎ መብራት ቢፈልግ መብራት የለም፤ ድምፁ ግን እየቀረበ ነው። የመጣው ወንዙ ነበር። ድስቱ፣ ምንጣፉና የአባቴ አንድ እግር ጫማ ሄዱ፤ ሰዎቹ ተረፉ።

ጥያቄዬ ሁለት ነበር። አንደኛ፣ ወንዝ (እኔ በዚያ ቆላ የሚወርደው ጓንግ መስሎኝ ነበር) እንዲህ ይመጣል ወይ? ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ሽማግሌውን ይዤው ብወርድ የት የት እንቁም? በዚያው ላይ ደግሞ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ከአገራችን የመኪና ጉዞዎች ሁሉ ከጎንደር ወደ መተማ የሚወርደውን የሚያህል የለም ብዬ ጻፍሁ። የመጣብኝ ሁሉ የመጣው ከዚህች ዓረፍተ ነገር ነው።

1ኛው መልስ የደግ ሰው መልስ ነው። ለአባቴ ሰላምታ አስቀድሞ፣ መንገዱን ከአዘዞ ይጀምረዋል፤ የባሕር ዳሩን አስፋልት ትተህ ወደ ቀኝ ስትታጠፍ። እስከ ጭልጋዋ አይከል ድረስ ደጋ ነው፤ ጤፍ፣ ባሕር ዛፍ፣ ጠዋት ጠዋት ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ። ከዚያ በኋላ መሬቱ ይሰበራል። ከወራት ኅዳርን መረጠልኝ፤ ሰሊጡ ታጭዶ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ቆሞ የሚደርቅበት ወር ስለሆነ እርሻው ሁሉ ሰው የተሰበሰበበት ይመስላል አለ። በሚያዝያ ግን ሽማግሌ ይዞ መውረድ ሽማግሌን መቅጣት ነው ባይ ነው።

2ኛው አጭርና መራራ ነው። እኔ በዚያ መንገድ ከአይከል አልፌ እንደማላውቅ ከጽሑፌ ደረሰበት። የወጥ ሽታ አሽትቶ ድግሱን የሚያመሰግን ሰው ብሎ ሰየመኝ። እውነቱን ነው፤ አንድ ጊዜ ለለቅሶ አይከል ደርሼ ነው የተመለስሁት።

3ኛውን የጻፈው የተሳቢ ሾፌር ነው፤ ከሁሉም ይበልጥ የጠቀመኝ እርሱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል፤ መተማ 700 አይሞላም። ይህ ሁሉ ቁልቁለት 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ነው፤ አብዛኛው ደግሞ ከአይከል እስከ ነጋዴ ባሕር ተጨምቋል። ጆሮህ ይደፈናል፣ ሹራብህን ታወልቃለህ፣ ትንሽ ቆይተህ ደግሞ የፍሬን ሽታ ይሸትሃል፤ ከሸተተህ አነዳድህ ተበላሽቷል ማለት ነው ይላል። በወጣህበት ማርሽ ውረድ፣ ፍሬኑን አታሟሸው፣ ከታች ስትደርስ ጥላ ፈልገህ ጎማው እስኪበርድ ቁም፣ ውኃም አታፍስበት። የዛፉ ለውጥ የት እንደሚጀምር ሳይቀር ነገረኝ። ባሕር ዛፉ ያልቅና ግራር ይመጣል፤ ቀጥሎ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጠው የእጣን ዛፍ በየኮረብታው ብቅ ይላል። ወደ ቆላው ዘልቆ የሚገባ ሰው ባኦባብም ያያል። ለአባቴም መልእክት ላከ፤ ረዳት ሆነው ያደሩበትን ቦታ ዛሬም ረዳቶች ያድሩበታል፣ ልዩነቱ ስልክ መያዛቸው ነው ብሎ።

ከ4 እስከ 6 ያሉት ስለ ጸጥታ ናቸው። አንዷ እህት መንገዱ የሚወደድ ቢሆንም ጊዜው አይደለም ስትል በትሕትና አስጠነቀቀች። ሌላው ጠንከር አድርጎ፣ በዚያ መስመር እገታና ተኩስ መንገደኛን ስንት ጊዜ እንዳስለቀሰ እያወቁ ስለ ኅዳር ሰሊጥ ማውራት ቅንጦት ነው አለ። 6ኛው ደግሞ ስለ አገራችን የትኛውም ክር በዚህ ማለቁ እንዳንገፈገፈው ጻፈ። እኔ ቀን አልቆረጥሁም፤ አንድ ቀን ነው ያልሁት። አባቴም ቢሆን ይህን ስነግረው መንገድ ዝም ብሎ ይጠብቃል ብሎ አለፈው።

7ኛው አናደደኝ። ጓንግ ላይ ድልድይ እያለ ማን ሞኝ ነው ወንዝ ውስጥ የሚተኛው፣ የሾፌርና የረዳት ወሬ እንደ ጎማ ነፋ ነፋ ካላደረጉት አይሄድም፣ አባትህን ውደዳቸው እንጂ አትመናቸው የሚል ነው ሐሳቡ። ወዲያው አባቴ ዘንድ ሄድሁ። አልተቆጣም። ከዋናው መንገድ ወጥተው፣ በጋሪ ፈለግ፣ ከአንድ ጥጥ እርሻ ሊጭኑ እየሄዱ እንደነበር፣ መሻገሪያው አሸዋና ጠጠር ብቻ እንደነበር፣ ሾፌሩም ጎማ አሸዋ እንዳይውጠው ማለዳ እንሻገር ብሎ እንዳሳደራቸው አስረዳኝ። ይህን ጻፍሁ፤ ስለ ጎማ ነፋውም የሚገባውን መለስሁ፤ አሁን ሳነበው ትንሽ በዝቷል።

8ኛው በእርጋታ ነገሩን ፈታው። ወንዝ እንዲመጣ አንተ ባለህበት መዝነብ የለበትም። ጓንግ መነሻው ከጭልጋ ደጋ አካባቢ ነው፤ ግንቦት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ የሚመታው ከፍታውን ነው፤ አፈሩ ደርቆ ስለሚቆይ ውኃ አይመጥም፤ ከየሸንተረሩ የወረደው አንድ ላይ ተጠራቅሞ ቁልቁል ሲለቀቅ ቆላ ለመድረስ ሰዓታት ይፈጅበታል። ማታ ጭልጋ ላይ የዘነበው እኩለ ሌሊት ላይ ከዋክብት እያዩ የተኙትን ይደርስባቸዋል። ቆላ ያደገ ልጅ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ የማያውቀው ከተሜ ነው ሲል 7ኛውን በጎን ወጋው።

9ኛውን ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ጓንግ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር በ1861 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በሰኔ ወር፣ በዚያው ወንዝ ዳር ሰፍሮ ነበር። ወንዙ ደርቆ እዚህም እዚያም ኩሬ ብቻ ቀርቶታል፤ አዞና ጉማሬው በየኩሬው ተጨናንቋል። አንድ ሌሊት ሰማዩ ሳይጠቁር ከሩቅ የነጎድጓድ ድምፅ ተሰማ፤ አረቦቹ ወንዙ መጣ እያሉ እየጮኹ አሸዋው ላይ የተኙትን ቀሰቀሱ። ሲነጋ ደረቅ አሸዋ የነበረው ሰፊ ወንዝ ሆኖ ተገኘ። ጸሐፊው ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ ቤከር ነጎድጓድ ያለውን የጎንደር ረዳት ሁለተኛ ማርሽ ቢለው ምን ያስገርማል? እኔ ይህን ካነበብሁ ወዲህ ለአባቴ ጫማ ልገዛለት አስቤያለሁ።

በ10 ቁጥር 7ኛው ተመለሰ። ግማሹን ተቀበለ፤ ቤከር የነበረበት በረሃ ነው፣ የእኛ ወገን ከተራራው ሥር ስለሆነ አንድ አይደለም አለ። ስለ ጎማ ነፋው ግን ይቅርታ ጠየቀ። እኔም ጠየቅሁ።

11ኛው ወንዙ ጓንግ ላይሆን ይችላል ብሎ ተጠራጠረ። የገንዳ ውኃ ከተማ ስሟን ያገኘችበት ወንዝ አነስ ያለ ስለሆነ ቶሎ ይደርቃል፣ ቶሎም ይሞላል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ አመል የተመቸ ነው። 12ኛው ሌላ ወንዝ፣ ሽንፋን፣ አመጣ። ያኔ 13ኛው፣ በአነጋገሩ መምህር የሚመስል ሰው፣ ውኃዎቹን ለየልን። ጓንግ ወደ አትባራ ይሄዳል፤ ተከዜንም እዚያው ሱዳን ውስጥ ይቀበለዋል፤ ናይል ሜዲትራኒያን እስኪገባ ድረስ ከአትባራ በኋላ ሌላ ገባር የለውም። ሽንፋ ግን ሱዳን ውስጥ ራሃድ ተብሎ ከራሱ ከአባይ ጋር ይገናኛል። ስለዚህ በአንድ አካባቢ የሚወርዱ ሁለት ወንዞች አንዱ ከካርቱም በፊት፣ ሌላው ካርቱምን ካለፈ በኋላ ውኃቸውን ያስረክባሉ። አባቴን የትኛው ነው ብዬ ብጠይቀው፣ ጫማ የወሰደው ነው አለኝ።

14ኛው ወደ ላይ መለሰን። በጭልጋ፣ በጓንግ ዳር፣ 27 ሚሊዮን ዓመት የሆናቸው ቅሪተ አካላት ተገኝተዋል፤ የዝሆን ቅድመ አያቶችና አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንድ ጎን ለጎን ያበቀለ፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋ እንስሳ። በድንጋይ ውስጥ የተቀረጸ የዛፍ ቅጠልም አለ፤ ያ ደጋ ያኔ ጥቅጥቅ ያለ ደን ነበር። መንገደኛው ሁሉ በአጠገቡ ሽው ብሎ ማለፉ ያሳዝነዋል። 15ኛው ከተቻለ ቀንዱን እዩልኝ ብሎ ቀለደ። ያልፋል።

ከ16 ጀምሮ ታሪክ ክሩን ዋጠው። ይህ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ መተማ ሲባል ዐፄ ዮሐንስ ይመጣሉ፣ ከተማይቱም መተማ ዮሐንስ ናት። 16ኛው ያንን መንገድ ሠራዊት በሁለቱም አቅጣጫ እንደሄደበት ያስታውሳል። በ1880 ዓ.ም. ጥር ድርቡሾች፣ የሱዳኑ ማህዲ ተከታዮች፣ በሐምዳን አቡ አንጃ እየተመሩ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ድል አድርገው ጎንደር ገቡ፣ አብያተ ክርስቲያናቱንም አቃጠሉ፤ በንቦች ተጠብቆ ተረፈ የሚባለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ወረዱ። መተማ ላይ ውጊያው ወደ እርሳቸው ወገን አጋድሎ ሳለ በጥይት ተመቱ፤ ወሬው ሲሰማ ሠራዊቱ ተፈታ። ከመሞታቸው በፊት ራስ መንገሻን ልጄ ነው ብለው አስታወቁ። አስከሬኑ ድርቡሾች እጅ ገባ፣ ራሳቸውም ተቆርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ይህን ሁሉ ሲጽፍ አንድ ቃል አላጋነነም፤ እንዲህ ያለ ሰው በመድረካችን ብርቅ ነው።

17ኛው የውጊያውን ቀን አነሣ። የአውሮፓ መጻሕፍት ማርች 9 ቀን 1889 ይላሉ፣ ያ በእኛ የካቲት 30 ነው፣ ታዲያ በእኛ ዘንድ የሚነገረው መጋቢት 1 ከየት መጣ ሲል ሁላችንን አላዋቂ አደረገን። 18ኛው መለሰለት፤ እዚህ ላይ ቆም በሉ፣ ጥሩ ነገር ነው። የአውሮፓውያን 1900 በእነርሱ ዘንድ ባለ 366 ቀን ዓመት አልነበረም፤ በእኛ ዘንድ ግን ጳጉሜን በአራት ዓመቷ 6 ሆና አለፈች። ከዚያ ወዲህ የሁለቱ መቁጠሪያ ልዩነት በአንድ ቀን ሰፋ። የዓድዋን ድል ተመልከቱ፤ የካቲት 23 ያኔ ማርች 1 ነበር፣ ዛሬ የምናከብረው ግን ማርች 2 ላይ ይውላል። ስለዚህ የ1889 ማርች 9 በዛሬው ስሌት የካቲት 30 ቢመስልም በዘመኑ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው። 17ኛው እስከ ዛሬ አልመለሰም።

19ኛው ንጉሡ ባይሞቱ ኖሮ እያለ ጀመረ። ከዚህ በኋላ ምን እንደ ሆነ መናገር አያስፈልግም። ማን ለማን ሞተ፣ ማን ማንን ጠራ፣ የማን አያት የት ነበር ተባለ፤ ከ20 እስከ 22 ያሉትን የመድረኩ ኃላፊዎች ሰርዘዋቸዋል። ሳይሰረዙ አንብቤያቸው ነበር፤ ምንም አልቀረባችሁም። የሚገርመኝ፣ ሰው ሁሉ ስለ ጦር ሜዳው አንገት ለአንገት ሲተናነቅ፣ ሠራዊቱ እዚያ ለመድረስ የወረደውን መንገድ፣ ውኃ የት እንደቀዳ፣ በቅሎ የት እንደወደቀበት የጠየቀ አንድም አልነበረም። አባቴ ግን መጀመሪያ የጠየቀኝ ይህንኑ ነው፤ ውኃ የት ጠጡ?

23ኛው ነገሩን ለማብረድ ይመስላል ወደ ሌላ ጦርነት ወሰደን። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. በኋላ ፊልድ ማርሻል የሆነው ዊሊያም ስሊም፣ ያኔ ብርጋዴር፣ የሕንድ ብርጌድ ይዞ ከመተማ ማዶ ያለችውን የሱዳን ከተማ ጋላባትን ከጣሊያን አስለቀቀ፤ ታንኮቹ ግን በድንጋዩና በፈንጂው ሰንሰለታቸው እየተበጠሰ ቆሙ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖችም ከላይ ሲቀጠቅጡት መተማን ሳይዝ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ድንጋዩ ለማንም አያዳላም የሚለው የ3ኛው ሾፌር አስተያየት ከዚህ በታች ተንጠልጥሏል፤ ቁጥር አልተሰጠውም እንጂ ይገባው ነበር።

24ኛውን የጻፈችው ካርቱም ስትሠራ የቆየች እህት ናት። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ አሠሪዎቿ አገር ጥለው ሄዱ፤ እርሷ በአውቶቡስ ገዳሪፍ፣ ከገዳሪፍ ጋላባት ደረሰች። እኛ ድንበር ስንል ትልቅ ነገር ይመስለናል፤ በበጋ ውኃ የማይታይበት ሸለቆ ነው አለች። ከዚያ ማዶ ፀሐይ ላይ ሁለት ቀን ተራ ጠብቃ ስትሻገር እግሯ አብጦ ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር። የመጀመሪያዋ የአማርኛ ቃል ከማን አፍ እንደወጣች ታስታውሳለች፤ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ ነው፣ ዋጋ ነገራት፣ ገንዘብ እንደሌላት ሲያውቅ ደግሞ ዝም ብሎ ጫናት። ስለዚህ ይህ መንገድ ለእርሷ የሚወረድ ሳይሆን የሚወጣ መንገድ ነው፤ ስለ ውበቱ የምትለው የላትም፣ አይከል ላይ ሲበርዳት ግን አለቀሰች። ከዚህ በኋላ ለጥቂት ሰዓታት ማንም አልጻፈም።

25 እና 26 ስለ ምግብ ናቸው፤ ተመስገን አልሁ። አንዱ መተማ ሄዶ ፉል ሳይበላ፣ ዝንጅብል የገባበት የሱዳን ቡና ሳይጠጣ የተመለሰ ሰው እንዳልሄደ ይቆጠር ይላል። ሌላው የፉሉን ነገር አጥብቆ ተቃወመ፤ ከመተማ የሚሻል ፉል ጎንደር ከተማ ውስጥ እንዳለ ምሎ ተናገረ፣ ቦታውን ግን አልጠቆመም። አጎበር ያዙ፣ ወባው ቀልድ አያውቅም ያለውም 26ኛው ነው፤ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈውን ካላዛርንም አስታውሶ ለሊት መኝታ ሜዳ ላይ እንዳንጋደም መከረ። የሰሊጥ አጫጆቹ፣ ሳሉግ የሚባሉት፣ ከደጋ ወርደው በዚህ በሽታ ስንቱ እንደሚቀጠፍ ያውቀዋል።

27ኛውን ለአባቴ ጮክ ብዬ አነበብሁለት። ገንዳ ውኃ ያደገች ሴት ናት። እናቷ ለሾፌሮችና ለረዳቶች ሻይ ትሸጥ ነበር፤ ልጆቿን ከግንቦት ጀምሮ ወንዝ ውስጥ መጫወት ትከለክላለች። ውኃው ከመድረሱ በፊት የሚቀድሙ ሦስት ነገሮች አሉ ትላለች። መጀመሪያ ዝናብ የመታው አፈር ሽታ በነፋስ ይመጣል፣ ሰማዩ ደረቅ እያለ። ቀጥሎ አህዮቹ መሻገር እንቢ ይላሉ፣ ቢመቱም። ከዚያ ድምፁ። የውኃው ግንባር ደግሞ ውኃ አይመስልም፤ ቅጠል፣ ጭራሮ፣ የከብት ፋንድያና አረፋ ተጠቅልሎ የሚንከባለል ቡናማ ምንጣፍ ነው፣ ቁመቱ ከጉልበት የማይበልጥ፤ የሚገድለው ከኋላው ያለው ነው። አንድ ማለዳ እናቷ ከዚያ ጭራሮ ውስጥ አንድ ድስት አግኝታ ለዓመታት ወጥ ሠርታበታለች።

አባቴ እስከዚህ ድረስ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር የሚያዳምጠው። ድስቱ ላይ ስደርስ ገለጠው። እጀታው አንድ ብቻ እንደሆነ ጠይቃት አለኝ፤ ሁለተኛው ሾፌሩ ድስቱን ሲጥለው ተሰብሮ በሽቦ አስረውት ነበር።

28ኛው የእኔ ጥያቄ ነው። ሴትዮዋ እስካሁን አልመለሰችም። 29ኛው ደግሞ ቪትዝ ያንን ቁልቁለት ወርዶ መውጣት ይችል እንደሆነ የሚጠይቅ ነው፤ 3ኛው ሾፌር እባክህ መልስለት።